ድመቷ ምን አለችን?



ይህን አርእስት ስታዩ አንዳንዶቻችሁ ሳትስቁ አትቀሩም። «ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ወንድማማችነት፣ ስለ ትምህርት የሚጻፍ ጠፍቶ ነው እንዴ ስለ ድመት ጩኸት የሚጻፈው?» የሚልም አይታጣም። እኛም በመጀመሪያ በነገሩ ስቀን ነበር፤ ዛሬ ግን አንስቅም። ለምን እንደማንስቅ ለመግለጽ በመጀመሪያ የሆነውን እንናገር፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄያችንን እናቀርባለን።

ከተማችን ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው ያለ ምክንያት አይደለም። የደጋው ነፋስ ማታ ማታ ሲነሣ በርና መስኮት አይበቃውም፤ በግድግዳ ስንጥቅ ሳይቀር ይገባል። ከመሰብሰቢያ አዳራሻችን ጎን ያለችው ትንሿ የዕቃ ክፍል በበሯ ሥር አንድ ቀዳዳ ነበራት። ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ የመዝሙር ልብሱና መጻሕፍቱ ሁሉ የሚቀመጡት እዚያ ስለሆነ፣ አቧራና ብርድ እንዳይገባ ብለን ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ቀዳዳዋን በጭቃና በድንጋይ ደፈንናት። ሥራው የበጎ ፈቃድ ሥራ ነበር፤ ተመስግነንበታልም። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ስለማይነካ ከዚያ ወዲያ ክፍሏን የሚከፍት አልነበረም።

በግቢው ውስጥ ሁላችን «ውሮ» እያልን የምንጠራት አንዲት ድመት ነበረች። የማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። አይጥ የከበሮውን ጠፍርና የመጽሐፉን ጠርዝ እንዳይበላ ስለምትጠብቅልን የሁላችን ነበረች፤ የሁሉ የሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማንም አይደለም። ቀዳዳው በተደፈነ ማግስት ማታ፣ ለትንሣኤ መዝሙር ስናጠና፣ ውሮ ከአዳራሹ ደጃፍ ቆማ ትጮህ ጀመር። ጩኸቷ ረጅምና የሚጎተት ነበር። ዝም ትላለች፤ ትሄዳለች፤ ተመልሳ መጥታ እንደገና ትጮኻለች።

እኛም ተርጓሚዎች ሆንን። ከመካከላችን አንዱ «ርቧት ነው፤ ነገ ፍርፋሪ እናመጣላታለን» አለ። ሌላው «ወንድ ድመት እየጠራች ነው፤ ተዉአት» አለ። ሦስተኛዪቱ እኅታችን «ድመት በሌሊት ስታለቅስ ደግ አይደለም» ብላ ፊቷን አማተበች። አራተኛው ምንም ሳይተረጉም ጠጠር አንሥቶ ወረወረ። ውሮ ሸሸች፤ እኛም ጥናታችንን ቀጠልን። በሁለተኛውም ማታ እንዲሁ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ በደጅ የሚያልፉ አንዲት እናት ጩኸቷን ሰምተው ገቡ። እንደ እኛ «ምን ትላለች?» ብለው አልጠየቁም። ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቷትና «ልጆቼ፣ ወዴት ነው የምታየው?» አሉን። ያን ጊዜ ሁላችን አየን። ውሮ በጮኸች ቁጥር ዞራ የምታየው የዕቃ ክፍሏን በር ነበር። ቁልፉ ተፈልጎ በሩ ሲከፈት፣ ከመዝሙር ልብሱ ሣጥን ጀርባ አራት ግልገሎች ተገኙ፤ ዓይናቸው እንኳ ገና አልተገለጠም። ሁለቱ በርዶአቸው ሞተዋል። ሁለቱ በሕይወት ነበሩ።

ማንም ክፉ አላሰበም። ቀዳዳውን የደፈንነው ለበጎ ነው። ነገር ግን ሁለት ሌሊት ሙሉ አንዲት እናት ስትለምነን፣ እኛ በድምፅዋ ትርጉም እየተከራከርን መዝሙር እናጠና ነበር። ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ መናገር የማይችለውን ፍጥረት ድምፅ ልንረዳ እንችላለንን? ባንረዳስ በደለኞች ነንን?

በመጀመሪያ፣ ዐዋቂዎች ስለ ድመት ድምፅ ምን እንደደረሱበት እንመልከት። ሚልድሬድ ሞልክ የተባሉ አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጡት ጽሑፍ የቤት ድመትን ድምፅ እንደ ቋንቋ ሊቅ በጥንቃቄ አዳምጠው በ16 ዓይነት ለይተውታል። እነዚህንም በሦስት ክፍል መደቡአቸው። አንደኛው ድመቷ አፏን ዘግታ የምታሰማው ነው፤ በጉሮሮዋ «ኩርር» የምትለው ከዚህ ይመደባል። ሁለተኛው አፏን ከፍታ ቀስ በቀስ እየዘጋች የምታሰማው፣ እኛ «ሚያው» የምንለው ነው። ሦስተኛው አፏን እንደከፈተች ተወጥራ የምታወጣው የቁጣና የሥቃይ ድምፅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የ«ሚያው» ነገር ነው። ግልገሎች እናታቸውን በዚህ ድምፅ ይጠራሉ። ካደጉ በኋላ ግን ድመቶች እርስ በርሳቸው በዚህ ድምፅ ብዙም አይነጋገሩም። የሚጮኹት በአብዛኛው ለሰው ነው። እንግዲህ ድመት ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጋር ስትኖር የሕፃንነት ድምፅዋን ለእኛ አስቀርታዋለች ማለት ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከአንድ ሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች፤ ዕድሜዋ 9,500 ዓመት ገደማ ነው። ድመትን ወደ ሰው ያመጣት እህል ነው። ሰው አርሶ በጎተራ ሲከት አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። የጋይንት ገበሬ ገብሱንና ባቄላውን በጎታ ከትቶ ድመት ሲያሳድር፣ ያን የቆየ ውል እያደሰ ነው።

ታዲያ ይህን ለእኛ የተተወ ድምፅ እንረዳዋለንን? ኒኮላስ ኒካስትሮና ማይክል ኦረን እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ድመቶች በልዩ ልዩ ሁኔታ ሲጮኹ የተቀዳውን ድምፅ ለሰዎች አሰምተው ነበር። ድመቷ ምግብ ስትጠብቅ፣ ስትቆጣ፣ መቀራረብ ስትሻ፣ በር ሲዘጋባት፣ ስትጨነቅ የጮኸችውን ለዩ ተባሉ። ሰሚዎቹ በዘፈቀደ ከመገመት ጥቂት ብቻ የተሻለ ውጤት አገኙ። ከድመት ጋር የኖሩትና ድመት የሚወዱት ከሌላው በመጠኑ በለጡ። ስዊድናዊቷ የድምፀ ልሳን ሊቅ ሱሳን ሾትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ከባልደረባቸው ጋር የዜማውን መውጣትና መውረድ አጥንተው፣ ምግብ የሚጠብቅ ድመት ድምፅ ወደ መጨረሻው ከፍ እንደሚል፣ ወደ እንስሳት ሐኪም የተወሰደ ድመት ድምፅ ግን ወደ ታች እንደሚወርድ ጽፈዋል። እነሆ ትርጉሙ በቃሉ ሳይሆን በዜማው ውስጥ ነበረ።

ይህ ነገር ለጋይንት ልጆች እንግዳ ሊሆን አይገባውም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አባ በዚሁ በአገራችን ናቸው። የድጓ ተማሪ ዓመታት የሚያሳልፈው ጆሮውን በማረቅ ነው። ያው አንዱ ቃል በግዕዝ፣ በዕዝል ወይም በአራራይ ሲዜም በሰሚው ልብ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። የተጻፈው ፊደል አንድ ሆኖ ሳለ ከላዩ የሚደረጉት ደቃቅ ምልክቶች ሌላ ነገር ይናገራሉ። የድመትን ጩኸት ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ጋር ማወዳደራችን አይደለም፤ አይሁን። የምንለው ይህን ነው፦ መምህሩ «እንደገና ስማ» እያሉ መቶ ጊዜ በሚያስደግሙበት አገር ያደግን ልጆች፣ አንድ ጊዜ ሰምተን ፍርድ መስጠት አይገባንም ነበር። ለቅኔውም «ሰሙ ይህ ነው፤ ወርቁስ?» ብለን እንጠይቃለን። ለውሮ ጩኸት ግን ሰሙን ሰምተን ወርቁን ሳንፈልግ ቀረን።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንመለስ። የሰው ልጅ በእንስሳት ድምፅ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል።

የመጀመሪያው ስሕተት እንስሳውን ሰው ማድረግ ነው። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እንላለን። ተረቱ ስለ ሰው የተነገረ ጥሩ ተግሣጽ ነው። እኛ ግን ከተረቱ ተነሥተን ድመትን አስመሳይ፣ ከዳተኛ፣ ውለታ ቢስ አድርገን እንፈርጃታለን። ድመት ግን አልመነኮሰችም፤ ማዕርጉን የሰጠናትም የገፈፍናትም እኛው ነን። በሌሊት ስትጮህ «ሟርት ናት» ማለትም ያው ነው። ስለ ራስዋ ጉዳይ የጮኸችውን ስለ እኛ ዕድል የጮኸች አድርገን እንሰማለን። ሰው ራሱን የዓለም ሁሉ መካከለኛ ሲያደርግ የድመት ልቅሶ እንኳ ስለ እርሱ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ስሕተት እንስሳውን ዕቃ ማድረግ ነው። የፈረንሳዩ ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንስሳት እንደ ሰዓት መኪና በውስጣቸው ባለው ጥርስና ጠመዝማዛ የሚንቀሳቀሱ ናቸው የሚል አሳብ አስፋፍቶ ነበር። አሳቡን ያከረሩ ሰዎች የእንስሳን ጩኸት ያልተቀባ መንኮራኩር ከሚያሰማው ሲጥሲጥታ ለይተው እስከማያዩት ደረሱ። ከእርሱ ቀደም ብሎ ሌላው ፈረንሳዊ ሚሼል ደ ሞንቴኝ ግን፣ ከድመቱ ጋር ሲጫወት፣ በእርግጥ እርሱ በድመቷ ይጫወታል ወይስ እርስዋ በእርሱ ትጫወታለች ብሎ ራሱን ጠይቋል። በእኛ አስተያየት የሞንቴኝ ጥያቄ ከዴካርት መልስ ይሻላል። ጠያቂው ቢያንስ ከፊቱ ሌላ ፍጥረት እንዳለ ያውቃልና። ከእኛም መካከል ጠጠሩን የወረወረው የዴካርትን ስም ሰምቶ አያውቅም፤ ሥራው ግን የዚያ አሳብ ሥራ ነበር።

ነገር ግን ወንድሞች፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ስሕተቶች በታች አንድ ሦስተኛ የተደበቀ ስሕተት አለ፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደንም እርሱ ነው። የሰጠናቸውን ትርጉሞች መልሳችሁ ተመልከቱ። «ርቧት ነው» ያለው ምግቡን ለነገ አስተላለፈ። «ወንድ እየጠራች ነው» ያለው ምንም ማድረግ አላስፈለገውም። «ሟርት ናት» ያለችው ማማተብ በቃት። አራቱም ትርጉሞች፣ ጠጠሩን ጨምሮ፣ አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ አንዳቸውም ከመቀመጫችን አላስነሡንም። እንግዲህ ትርጉም የመረጥነው በጆሮአችን አልነበረም፤ በስንፍናችን ነው። ሰው የሌላውን ጩኸት ሲተረጉም ለራሱ የሚቀለውን ትርጉም ያስቀድማል። በደላችንም ባለመረዳታችን አይደለም፤ አለመረዳት የፍጡርነታችን ነው። በደላችን ያልተረዳነውን እንደተረዳን ቆጥረን መቀመጣችን ነው።

በለዓምም በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 ላይ አህያው መንገድ ስትለቅ እልኸኛ መሰለችው፤ ሦስት ጊዜም መታት። እርስዋ ግን እርሱ ያላየውን አይታ ነበር። እኛም ሁለት ሌሊት ውሮን አባረርናት፤ እርስዋ ግን በዚያ በር ውስጥ ያለውን ታውቅ ነበር።

ስለ ድመት «ኩርርታ» ደግሞ ጥቂት እንጨምር። አያቶቻችን ድመት በምድጃ ዳር ተኮርምታ ኩርር ስትል «ዳዊቷን ትደግማለች» እያሉ ሲያስቁን አድገናል። ድምፁ በሴኮንድ 25 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ሁላችንም የደስታ ምልክት አድርገን እንወስደዋለን። ብዙ ጊዜም ነው። ነገር ግን ድመት ስትቆስል፣ ስትታመም፣ ስትወልድ፣ ልትሞት ስትልም ኩርር ትላለች። ካረን ማኮም የተባሉ የእንግሊዝ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ደግሞ፣ አንዳንድ ድመቶች ምግብ ሲፈልጉ በኩርርታቸው ውስጥ ከፍ ያለ ስስ ጩኸት ይቀላቅላሉ። ይህም የሕፃን ልቅሶን የሚመስል ጠባይ ስላለው ድመት አሳድጎ የማያውቅ ሰው እንኳ ሲሰማው አጣዳፊ መሆኑ ይሰማዋል። በሰላም ድምፅ ውስጥ ልመና ተሸሽጎ ይኖራል ማለት ነው።

ይህን ስናነብ ስለ ድመት ማሰባችንን ትተን ስለ ራሳችን አሰብን። በአገራችን «እንደምን አደርክ?» ሲባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ነው። ያገኘም ያጣም፣ የታመመም የተሻለውም መልሱ ይኸው ነው። መልሱ መልካም ነው፤ ትሕትናና ምስጋና አለበት። ነገር ግን ስንት ጊዜ ነው ይህን መልስ ሰምተን መንገዳችንን የቀጠልነው? ከክፍለ ሀገር ርቆ የመጣው ተማሪ ወንድማችን ኪራይ አጥቶ ሳለ «ደኅና ነኝ» ብሎናል። በሰው ቤት የምትሠራው እኅታችን ሁለት እሑድ ቀርታ በሦስተኛው ስትመጣ «ደኅና ነኝ» ብላናለች። የወለዱ እናት፣ ያረጁ አባት፣ ሁሉም ደኅና ናቸው። አንዳንዱ «ደኅና ነኝ» ከምድጃ ዳር የሚሰማ ኩርርታ ነው፤ አንዳንዱ ግን የቁስለኛው ነው። ልዩነቱን ቃሉ አይነግረንም። ዓይኑ ወዴት እንደሚመለከት ማየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ሰው በሚራብበት አገር ስለ ድመት ማሰብ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ተቃውሞ ነው። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ረኀብ ያዩ ወላጆች ልጆች ስለሆንን በቀላሉ አንገፋውም። ሰው ከድመት ይበልጣል፤ በዚህ ክርክር የለንም። አንድ እንጀራ ቢኖረንና የተራበ ሕፃንና የተራበ ድመት ቢቀርቡን ለማን እንደምንሰጥ አንጠያየቅም። ነገር ግን በዚያን ሌሊት ውሮ የጠየቀችን እንጀራ አልነበረም። የጠየቀችን ተነሥተን በር እንድንከፍት ብቻ ነው። ለድመት ጆሮ የነፈገ ለሰው ያተረፈው ጆሮ ደግሞ አላየንም። ትኩረት እንደ እህል ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው የሚጎድል አይደለም፤ እንደ ጉልበት በሥራ የሚበረታ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 12 ቁጥር 10 የጻድቅን ሰው ምልክት ሲናገር ለእንስሳው ነፍስ ማሰቡን ያነሣል። ከትልቅ ሥራው ይልቅ ማንም በማያመሰግነው በዚህ ነገር ሰው ይታወቃልና።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ፍልስፍናው ወደ ሥራ ካልተለወጠ ከንቱ ስለሆነ፣ ከስሕተታችን የተማርነውን በአጭሩ እንጻፍ።

አንደኛ፣ ድምፁን ብቻ አንስማ፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ አካሉን እንይ። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጥፏል ወይስ ቆሟል? ጅራቷ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሏል ወይስ አብጧል? ወዴት ሄዳ ትመለሳለች? ጅራቷን አቁማ ቀርባ የምትጮህ ሰላምታዋ ነው፤ ጀርባዋን አጉብጣ የምታፏጭ «አትቅረቡኝ» ማለቷ ነው፤ እየሄደች እየተመለሰች የምትጮህ ግን «ተከተሉኝ» ትል ይሆናልና ተነሥቶ መከተል አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ ልማዷን እንወቅ። ድምፁን የሚረዳው ከሁሉ ይልቅ አብሮ የኖረ ነው። ዝምተኛዋ መጮህ ከጀመረች፣ ጯኺዋም ዝም ካለች አንድ ነገር ተለውጧል።

ሦስተኛ፣ ርኅራኄ ከጥንቃቄ አይለይ። ጠባይዋ በድንገት የተለወጠ፣ ድምፅዋ የጎረነነ፣ ያለ ምክንያት የምትነክስ ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ይዟት ሊሆን ይችላል፤ በሽታው በውሻ ብቻ አይተላለፍምና። እንዲህ ያለችውን በእጅ አንንካ። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ለነገ አይባልም።

አራተኛ፣ በር ከመዝጋታችን፣ ቀዳዳ ከመድፈናችን በፊት በውስጥ ማን እንዳለ እንመልከት። ይህ ለድመት ብቻ የተነገረ አይደለም።

ሁለቱ ግልገሎች ዛሬ አድገዋል። አንዱን እኒያ እናት ወስደውታል፤ አንዱ ከአዳራሻችን አለ። ቀዳዳውንም መልሰን ከፍተነዋል፤ ነፋሱ ይገባል፤ ማታ ስናጠና ይበርደናል። ሁለቱን ሙታን ግን አልረሳናቸውም። የውሮ ልጅ ደጃፍ ላይ ቆማ ስትጮህ አሁንም ምን እንደምትል በትክክል አናውቅም። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ ይወጣል።

የማናውቀውን ለመስማት የምንነሣበትን ልብ ያድለን።